አግዳሚውን የሳቱ ምስማሮች

የእህቴ ባል ነበር። ሦስት ዓመት ከአንድ ገበታ በልተናል፤ አባቴን «አባባ» እያለ ጠርቷል። ስለዚህ ጣሊያን ባሕር ዳር ገብቶ ሲሰፍር መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆነላቸው ሲሉን መጀመሪያ አላመንንም። በአስመራ በኩል ሲነግድ የለቃቀማት ጣሊያንኛ ነበረችው፤ እንጀራው ያደረጋት እሷን ነው።

እኛ የጣና ዳር እስላሞች ነን። አባቴ ከደንገል ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ እኔም ሙያውን ከእሳቸው ወረስሁ። አንድ ጠዋት ያ ሰው ወታደሮች አስከትሎ መጣና ዳሩ ላይ ለመድረቅ ያቆምናቸውን ታንኳዎች በጣቱ አሳያቸው። አርበኞች የሚሻገሩት በእነዚህ ነው ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። ከምረው አነደዷቸው። ውሃ የጠጣ ደንገል እንደማይነድ የነገራቸውም እሱ ነው፤ እርጥቦቹን በጎራዴ እየቆራረጡ ውሃው ላይ በተኗቸው። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዩ። እህቴ በዚያው ቀን ልብሷን ጠቅልላ ወደ እኛ ቤት ተመለሰች፤ ሳምንት ሳይሞላም ቃዲው ፊት ቀርባ ተፋታች።

ክረምቱ እንደወጣ ጣሊያኖቹ ከጎርጎራ አንዲት የእንጨት ጀልባ ጎትተው አመጡ። ሆዷ ደህና ነበር፤ የላይኛው ወለሏ ግን በስብሶ ሰው ሲረግጠው እግር ያሰጥማል። ወታደርና ስንቅ ሊጭኑባት ስለፈለጉ ወለሉን ገፍፈው በአዲስ ሊተኩት አሰቡ። እንጨት የሚያውቅ ሰው ሲጠይቁ የእኔን ስም የሰጠው ያው የቀድሞ አማቻችን ነው። እኔ የማውቀው ደንገል ማሰር እንጂ ምስማር መምታት አልነበረም። እምቢ ያለ ግን መታሰሩ ነው። ሄድሁ።

ሥራውን የሚያሠራው ጣሊያን አጭር፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር። «ካቦ» እንለዋለን። ሙያውን አልክድም፤ አዋቂ ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ የሚዘረጉትን አግዳሚዎች ራሱ ጠርቦ አስገባ፤ በላያቸውም የዋንዛ ሳንቃ አስደረደረ። ሳንቃው አግዳሚ ላይ በሚያርፍበት ሁሉ ምስማር ይመታል። ምስማሩ ረጅም ስለሆነ ሁለቱንም በስቶ ከታች ብቅ ይላል። ከታች የተኛው ሰው ጫፉ ላይ ከባድ ብረት ይደግናል፤ ከላይ ሲመታ ጫፉ ተቆልምሞ ተመልሶ እንጨቱን ይነክሳል። እንዲያ የታጠፈን ምስማር ማዕበል አይነቅለውም። ስለዚህ ለአንድ ምስማር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ካቦ ትእዛዙን እንዲያስረዳኝ ብሎ ያን የቀድሞ አማቻችንን ከእኔ ጋር አጣመረው።

መጀመሪያ ከታች የገባሁት እኔ ነበርሁ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ የሸተተ ውሃ ልብሴን እያራሰው፣ የእንጨት ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ይወርዳል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ብረቱን ደግኜ «ያዝሁ» ስል የመጨረሻውን ይመታል። እሱ ግን ሲሻው ይጠብቃል፣ ሲሻው አይጠብቅም። በሦስተኛው ቀን ሳልለው መታ። ብረቱ ተንሸራትቶ ሌባ ጣቴን ከአግዳሚው ጋር ጨፈለቀው።

«ሳልልህ እንዴት ትመታለህ?» ብዬ ጮኽሁ።

ጎንበስ ብሎ ገና ሳንቃ ባልለበሰው ክፍተት በኩል አየኝ። «ገመድ የለመደ እጅ ብረት አይችልም ማለት ነው» አለና ሳቀ።

ወጥቼ አንገቱን አነቅሁት። ካቦ ሮጦ መጣና ምንም ሳይጠይቅ እኔን በጥፊ መታኝ። ቀጥሎ ግን የጣቴን ደም አየ፤ ብረት መያዝ እንደማልችል ገባው። መዶሻውን ከእሱ ነጥቆ ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱን ወደ ታች አወረደው።

አሁን ከላይ እኔ ነኝ። «ያዝሁ» ሳይል ሁለት ጊዜ መታሁበት፤ ከታች ሲራገም ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከሰዓት በኋላ ካቦን ለሞተሩ ፈለጉትና እርሳሱንና ማስመሪያውን ጥሎልኝ ሄደ። ሳንቃ ከተደረደረ በኋላ አግዳሚው ከላይ አይታይም፤ የት እንዳለ የሚያሳየው የተሰመረው መስመር ብቻ ነው። በጀልባዋ አፍንጫ በኩል ያለውን የአንዱን አግዳሚ መስመር ሁለት ጣት አሳልፌ አሰመርሁት። እዚያ የተመታ ምስማር ሳንቃውን በስቶ ባዶ አየር ላይ ይወጣል፤ የሚይዘው ነገር የለም። ከላይ ግን ቀጥ ያለ ረድፍ ነው፤ ቅጥራን ከተቀባ በኋላ ማንም አይለየውም። ጣና ሲቆጣ ያ ወለል ከነጫነው ወታደር እንዲነሳ ፈለግሁ።

የመጀመሪያውን መታሁና ጆሮዬን ጣልሁ። አሁን ይጮሃል ብዬ ነበር። ብረቱ ሳንቃውን ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ «ያዝሁ» አለ።

ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም መታሁ። ሁሉንም «ያዝሁ» አለ። አሥራ አንድ ምስማር እንዲያ አለፈ። ሲመሽ ከታች ወጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ዓይኔን ሳያይ ሄደ። እኔም እቤቴ እስክደርስ ተብሰለሰልሁ። ምናልባት አብሮን የበላው እንጀራ ከሆዱ አልወጣ ይሆን እያልሁ። ከእሱ እጅ ውለታ መቀበል ከሬት ይመረኝ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እቤታችን መጣ። አባቴ ተቀመጥ አላሉትም፤ በሩ ላይ ቆመ።

«እህትህ ትመለስልኝ» አለኝ።

«አብደሃል?»

«አሥራ አንድ ናቸው። ጫፋቸውን ያጠፍሁት እኔ ስለሆንሁ አልስታቸውም። እሷ ቤቷ ከተመለሰች አፌን እይዛለሁ። ካልተመለሰች ሰኞ ካቦን ይዤ ከታች እገባለሁ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ጣሊያን የሚሰጠው የመስቀያ ገመድ ነው።» ወደ አባቴ ዞሮም፣ «እርስዎ ይምከሩት» አላቸው።

«እኔ የምመክረው አንተን ነው» አሉ አባቴ። «ይህን በር ሁለተኛ እንዳትረግጥ።»

ሄደ። እህቴ ጓሮ ተቀምጣ ዓሣ ስትገሸልጥ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥቼ አጠገቧ ቁጢጥ አልሁ። አሁን የምጽፈውን ለልጆቼ ተናግሬው አላውቅም።

«እታለም» አልኋት፣ «ለጊዜው ብትመለሺ ምን ይመስልሻል? እስኪያልፍ ድረስ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ምስማሩን ስትመታ አማክረኸኛል?»

«አላማከርሁሽም።»

«እንግዲያ ዕዳህን በእኔ አትክፈል። በመታህበት እጅ ሄደህ ንቀለው።»

ቢላዋውን አንስታ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። እኔም ብሄድ የሚጠብቀኝን አውቄ፣ ባልሄድም የሚጠብቀኝን አውቄ፣ ሁለት ቀን እንደ ታመመ ሰው ተኛሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ያ ሰው ሳይደርስ፣ ካቦ ዘንድ ሄድሁ። ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይበላ ነበር። «ኖ ቦኖ»፣ ጥሩ አይደለም፣ እያልሁ እጁን ይዤ ወደ ጀልባዋ ወሰድሁት። መስመሩን፣ ጣቴን፣ ራሴን እያሳየሁ አላዋቂ ነኝ፣ ስቼ ነው ለማለት ሞከርሁ። ፋኖስ አብርቶ ወደ ታች ገባ። ሲወጣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። በእርግጫ መታኝ፤ ከወደቅሁ በኋላም በአለንጋ ገረፈኝ። አጠገቡ የነበረው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ሐበሻ ወታደር፣ «አህያ ነህ ይላል፤ ደንገል አሳሪ አህያ» ብሎ ተረጎመልኝ። ያዳነኝ ስድቡ ነው። ደደብ ነው ብሎ አመነ፤ ተንኮል ይችላል ብሎ አላሰበም።

ያላሰብሁት ነገር ግን ገና መምጣቱ ነበር። ያ ሰው ሲደርስ ካቦ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደ። ከታች ያሉት ጫፎች ሁሉ በጥንቃቄ ታጥፈው ከሳንቃው ጋር ተኝተዋል፤ ያጠፋቸው ሰው አግዳሚውን መሳታቸውን ሳያይ አልቀረም። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ጣሊያንኛ አላውቅ። ያየሁት ፊቱ አመድ ሲመስል ነው። እኔን አላዋቂ ያሉኝ እሱን ከሃዲ አሉት። ለእሱም አለንጋው ወጣ፤ ከዚያ ቀን በኋላ አስተርጓሚነቱ ቀረ።

ሁለታችንም ከተገረፍን በኋላ ካቦ እዚያው ሥራ ላይ መለሰን። ምስማሮቹን ነቀልን፤ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ውታፍ ደፈንን፤ መስመሩን ራሱ ካቦ አሰመረ። እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች።

«እኔ ከምገረፍ እሷን ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?» አለኝ ከሥር።

«ብረትህን ያዝ» አልሁት።

«ያዝሁ።»

መታሁ። አሥራ አንዱንም እንደ ደንቡ፣ አግዳሚው መሐል ላይ መታኋቸው። ካቦ ወለሉ ላይ ወጥቶ በጫማው እየደበደበ ፈተነው፤ ፍንክች አላለም።

ጀልባዋ በሳምንቱ ወታደር ሞልታ ወደ ወዲያኛው ዳር ተሻገረች። ማዕበል ነበር፤ ምንም አልሆነችም። እዚያ ደርሰው የሠሩትን፣ ያቃጠሉትን ቤትና የነዱትን ከብት፣ ኋላ ከሸሹት ሰዎች ሰማን። እህቴ ስትሰማ እኔን ነው ያየችው። የወቀሰችኝ ግን ወለሉን ስላጠበቅሁ አልነበረም፤ በዚያ ዓርብ ተመለሺ ስላልኋት ነው። ዓመት ያህል በቀጥታ አላነጋገረችኝም፤ የሚያስፈልጋትን በአባቴ በኩል ታስነግረኝ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ያ ሰው ጠፋ። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ባሕር ዳር ሱቅ ከፈተ፤ ሰውም ይገዛዋል፣ ሰላም ይለዋል። እኔ በሱቁ ፊት አላልፍም ነበር። እህቴ ግን አንድ ቀን ገብታ ጨው ገዝታ ወጣች። ስሰማ ተንጨረጨርሁና እንዴት ብለሽ ነው ብዬ ሄጄ ተጣላኋት።

«እሱማ ጠላቴ ነው» አለችኝ። «ከጠላት ጨው ይገዛል። አንተ ግን ወንድሜ ነበርህ።»

በዚያን ጊዜ ሌላ ባል አግብታ፣ አራት ልጅ ወልዳ ነበር። በሩን ዘግታብኝ ገባች።