አህያዋን ላድን ስል

የምርጫው ሰሞን ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ማስቲካ፣ ሶፍትና ተረት እሸጥ ነበር። ተረቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ያሳጠርኩት ግን እኔ ነኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስናድግ ጎረቤት ከሚነግረን ውስጥ ልጅ ሳይሰለች የሚጨርሰውን መርጬ፣ መገናኛ አስተይቤ፣ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ በስቴፕለር እመታዋለሁ። ለልጄ ምን ይዤ ልግባ ብሎ ለሚጨነቅ መንገደኛ ይቺ ትንሽ መጽሐፍ ከብስኩት ትረክሳለች፤ ሻንጣ ውስጥም አትፈረፈርም።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ካድሬ መጣ። የመሸጫ ቦታ የሚሰጠውም የሚነሳውም እሱ ነው። ከሰቀልኳቸው አንዷን መዘዘና ቆሞ አነበበ። ማስቲካ ሊገዛ የመጣ የታክሲ ረዳት ሐሳቡን ቀየረ።

«አንበሳው ማነው?» አለኝ።

«አንበሳ ነው፣ ጌታዬ።»

«ነብሩስ?»

«እሱም ነብር ነው።»

«ቀልደኛ ነህ። ጣቢያ ወስጄህ ትቀልዳለህ?»

ተረቷ ይቺው ናት፦ ዝናብ ይጠፋል፤ እንስሳት ተሰብስበው የማን ኃጢአት ነው ይባባላሉ። አንበሳው በሬ በላሁ ይላል፤ ምንም አይደል ይሉታል። ነብሩ ፍየል፣ ጅቡ በግ፤ ምንም አይደል። አህያዋ ጭነት ተሸክሜ ሳልፍ ከመንገድ ዳር ሣር ነጨሁ ትላለች። ለካ አንቺ ነሽ ብለው ይበሏታል።

«ጮክ ብለህ አንብባት» አለኝ። «ሰው ምን እንደሚገባው እንይ።»

አውቶቡስ የዘገየባቸው መንገደኞች ሻንጣቸው ላይ እንደተቀመጡ ዞሩ። አንድ ሰው ቢስቅ ቦታዬም ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። በሬው፣ ፍየሉ፣ በጉ በደህና አለፉ። ሣሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አነበብኩ፤ «አንበሳውም፣ ሣርማ ምን አለው፣ በሰላም ሂጂ አላት። ዝናቡም ዘነበ።»

አህያዋንም ራሴንም ያተረፍኩ መሰለኝ።

«ኧረ እንዴት ተደርጎ» አሉ የደሴ አውቶቡስ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት። «ተበልታለች እኮ፣ ልጄ።»

«እዚህ ላይ ሄደች ነው የሚለው፣ እማማ።»

«የት ነው የምትሄደው? ለልጅ ይዋሻል?»

«ነብሩ ነው መጀመሪያ የዘለለባት» አለ ከኋላቸው የቆመ ሰውዬ።

«አንበሳው ነው እንጂ» አለችው አንዲት ተማሪ።

ዝም በሉ ብዬ በዓይኔ ለመንኳቸው። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ሁሉም ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ተረት ሊያስከብር ተነስቷል። ካድሬው እጁን አነሳ።

«ጅቡ ነው» አለ። «እኛ አገር መጀመሪያ የሚነክሳት ጅቡ ነው። አንበሳው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እጁን አያቆሽሽም።»

«ልክ ነህ፣ እንዲያ ነው» አሉት አሮጊቷ። «ደግ አሳዳጊ ነው ያሳደገህ።»

የሳቀ የለም። ካድሬው ዙሪያውን አየ፤ የተናገረው የገባው ያኔ ይመስለኛል። ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይቺን እንዳትሰቅል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላውን ሽጥ።»

ስለ ጣቢያ አላነሳም፤ እኔም አላስታወስኩትም።

የተሰቀሉትን አህዮች አወረድኩ። አንዷ መሬት ወደቀች፤ አንስቼ ለአሮጊቷ በነጻ ልሰጣቸው ዘረጋሁ።

«ይቅርብኝ» አሉ። «መጨረሻው የተበላሸ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ልክ እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ካድሬው ገና በሩ ጋ ቆሞ ነበር።

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አልኳቸው።