ሁለት ጾመኞች የሠሩት ምንቸት አብሽ

ሚስቴ ልጃችንን የወለደችው ረመዳንና ሁዳዴ በገጠሙበት ሰሞን ነው። ምጥ ጸንቶባት ብዙ ደም ፈሰሳት። ሁሉም ለእናትየው ፈርቶ ስለነበር ለልጅቷ እልል ያለ ሰው አልተገኘም። ከሆስፒታል ወጥተን ሄርማታ ሰፈር ቤታችን ከገባን በኋላም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አታወራ፣ አትበላ። ገንፎው ይቀርባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሳል። ጡቷ ወተት እምቢ ብሎ ልጅቷ ስታለቅስ፣ እኔ በደንበኛ ላይ መጮህ የማይከብደኝ ልብስ ሰፊ፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ጠዋት «የሃርሜ ምንቸት አብሽ ቢኖር» አለች። ሃርሜ የምትላቸው እናቷን ነው። እሳቸው ደግሞ አጋሮ እግራቸውን ታመው ተኝተዋል፤ የደረሰን የላኩት ኮረሪማ ብቻ ነው። ታዲያ ማን ይሥራላት? እኔ! ሻይ የሚያርርብኝ ሰው!

ከሉካንዳ ቀይ ሥጋ ይዤ ስገባ ጎረቤታችን እትዬ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ አዩኝ። ነገሩን ስነግራቸው «ወይ ጉድ! አንተ ልጅ ደግሞ ወጥ ልትሠራ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ እንኳን በሁዳዴ በፋሲካም የእኛን ሥጋ አይቀምሱም። ብቻ መጡ፣ ጌታ ይስጣቸው።

ሽንኩርቱን አስከተፉኝ። ቶሎ በርበሬ ልጨምር ስል እጄን መቱኝ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ይብሰል!» ሽንኩርቱ ሲበስል በርበሬው ገባ፣ ቅቤው ገባ፣ ከዚያ አብሹ። «አብሽ ወተት ያወርዳል፣ አትሰስት!» ይሉኛል። ሥጋውን አድቅቄ ከትፌ ጨመርኩ፤ የአጋሮው ኮረሪማ መጨረሻ ላይ ሲነሰነስበት ቤቱ አወደ። ምራቄን ዋጥኩ፣ ጾሜንም አሰብኩ።

«ጨውስ?» አልኳቸው፣ ድስቱን ላወርድ ስል።

«ጨው አይሸት፣ ምን ልበልህ? አንተው እወቅ» አሉ።

በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል ይላሉ፤ እኔ ግን ሲርበኝ ራሴን አላምንም። በግምት በእፍኜ ጣል አደረግኩበት። ለካ ልጅቷን ላባብል ጓዳ በገባሁበት ሰዓት እሳቸውም ጨምረው፣ መጨመራቸውን ረስተውታል። «ከበላች ንገረኝ፣ እንዳትረሳ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኳት። አላመጠች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ኩን ሶጊዳ!» ብላ ከተኛችበት ብድግ አለች። ይሄ እኮ ጨው ነው ማለቷ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ የመርካቶን ጨው በሙሉ ገለበጥክበት እንዴ? ከምጥ ብተርፍ በወጥ ልትገድለኝ ነው? ውሃ አምጣ! ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ እንጀራም ጨምር!»

ወላሂ፣ ስድብ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። እየሰደበችኝ በላች፣ እየበላች ሰደበችኝ። ሳህኑን ጠርጋ ስታበቃ እጇን ታጥባ «ልጄን አምጣልኝ» አለች። ከወለደች ጀምሮ «ልጄ» ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ እያልኩ አስታቀፍኳት።

ለእትዬ ልነግራቸው ወደ ደጅ ስወጣ ቀደሙኝ። የሚስቴ ጩኸት አጥሩን ተሻግሮ ደርሷቸው ኖሯል። ያን ቀን እህል ውሃ ባልቀመሰ አፋቸው፣ ለልጃችን ሳይባልላት የቀረውን እልልታ ከቆርቆሮው ማዶ አቀለጡት።