ሳይመታ የተተወ ቆርቆሮ

ከእናቴ ጋር የተጣላነው በቆርቆሮ ነው። ዕቁቤ ሲወጣልኝ ከፍኖተ ሰላም ገዝቼ፣ በአይሱዙ አስጭኜ፣ ከጅጋ ወዲያ ካለው መንደራችን ድረስ ወሰድኩላት። የሣር ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ ይታፈናል። አናጢው በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ ስላለኝ ቆርቆሮውን ግቢዋ ውስጥ ከምሬ ወደ ስፌት ሱቄ ተመለስኩ። የደብሩ ንግሥ ደርሷል፣ እኔ ደግሞ ያልተመታ ቆርቆሮ እናቴ ግቢ ትቼ እሄዳለሁ! የዚያን ቀን ያህል ሞኝ ሆኜ አላውቅም።

በንግሡ ዕለት ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ይዞ የቤተልሔሙ ጣሪያ ማርጀቱን፣ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ዝናብ እየገባበት መሆኑን ተናገረ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ፣ "የኔን ቆርቆሮ ውሰዱት" አለች። እልል ተባለ። ከሁሉ አብልጠው እልል ያሉት ባለ ቆርቆሮ ቤቶቹ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ወሬውን በስልክ ያደረሰችኝ ጎረቤቷ ናት፤ ያውም እንኳን ደስ አለሽ ብላ።

በሳምንቱ ሄድኩ። ቆርቆሮዬ ቤተልሔሙ ላይ ያብረቀርቃል። የደብሩን አስተዳዳሪ በር ላይ አገኘኋቸውና ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥ፣ "አባ፣ የአንዲት በሽተኛ አሮጊት ጣሪያ ሲወስዱ ትንሽ አላፈሩም?" አልኳቸው።

"እግዜር እጥፍ አድርጎ ይመልስላታል፣ ልጄ" አሉ፣ መስቀላቸውን እያወጡ።

"እስኪመልስላት እርስዎ ቤት ትደር?" መስቀሉን ሳልሳለም ጥያቸው ሄድኩ።

እናቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሽሮዋን ታማስላለች።

"ሰጥተሽኝ የለም ወይ?" አለች። "የተሰጠኝን ብሰጥ ምን አጠፋሁ?"

"የሰጠሁት ለደረትሽ ነው!"

"እሱ አይተወኝም።"

ይህ ንግግሯ ያበግነኛል። ዛሬም ያበግነኛል። እሷ እጇን ዘርግታ ትሰጣለች፣ ትተኛለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ፍኖተ ሰላም ላይ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ።

ዓመት ሙሉ የሰው ቀሚስ ሰፍቼ ሌላ ገዛሁ። በዚህኛው ጊዜ አናጢውን ይዤው ሄድኩ፤ የመጨረሻው ምስማር እስኪመታ ድረስም ከግቢው ንቅንቅ አላልኩም። "እስቲ አሁን ነቅለሽ ስጭ!" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሐምሌ ላይ ልጠይቃት ብሄድ መደቧ ላይ የማላውቃት አራስ ልጇን ታቅፋ ተኝታለች። ከቀዬዋ ተፈናቅላ መጥታ መጠጊያ ያጣች ሴት ናት። እናቴን ያገኘኋት ከጓሮ ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ በሚያፈስ ሣር ሥር፣ በጭስ መሐል ቁርበት አንጥፋ ትስላለች። እሳት ጎረስኩ። አራሷ እንዳትሰማ ብዬ ድምፄን ባፈንኩ ጊዜ ደግሞ ንዴቴ ባሰ።

"ልትሞችብኝ ነው እንዴ?"

"አራስ በዝናብ ትደር?"

"እግዜር አይተወኝም ትያለሽ። ቆርቆሮ የሚገዛው ግን እግዜር አይደለም፣ እኔ ነኝ! በሰጠሽ ቁጥር የሚልከው እኔን ነው። ለመሆኑ ሌላ ሰው የለውም?"

አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳለች። ከዚያ ከቁርበቱ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ታዲያ አንች መቸ ቀርተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።