ከበሩ ጀርባ የተቀዳ ድምፅ

ያንን ድምፅ ከፊልሙ ለማውጣት ብዙ ለፋሁ፤ አልወጣም አለኝ። ሌላው ሁሉ ይወጣል። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የጎረቤት ዶሮ፣ የካሜራ ባለሙያው ሳል፣ ሁሉንም ቆርጬ ጥያለሁ። ይህኛው ግን ከኃላፊያችን ድምፅ ሥር ተጣብቆ የተቀዳ ነው። እሷ ስትናገር ይሰማል፤ ትንፋሽ ስትወስድም ይሰማል። እሱን ስቆርጥ እሷም አብራ ትቆረጣለች። አንዲት አሮጊት ከበሩ ጀርባ ሆነው ሕፃን ልጅ በጋሞኛ ያባብላሉ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ስሙ ነው የሚያምረው እንጂ ንግግር መጻፍ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ባነር ማሠራት፣ ከስብሰባ በፊት ማይክ መሞከር፣ ፊልም ማቀናበር፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ኃላፊያችን ሴት ናት፤ በዞኑ ካሉት ጥቂት ሴት ሹመኞች አንዷ። ቢሮ ውስጥ አንቱ ነው የምላት፤ ስብሰባ ላይ ደግሞ ክብርት። እዚህ ግን «እሷ» ብላት ይቅር ትበለኝ። አንቱታው ሲበዛ ሴትየዋ ትጠፋብኛለች።

ነገሩ የጀመረው ሐዋሳ ሄዳ የአመራር ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ ነው። ሥልጠናው ላይ ስለ አንዲት የውጭ አገር ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር የተሠራ ፊልም አሳይተዋቸዋል። እኔ አላየሁትም፤ ከእሷ አፍ ነው የሰማሁት። ሴትየዋ በወንዶች የተሞላ ጉባኤ ፊት ቆማ «ሴትነቴን ተዉትና ሥራዬን እዩ» ትላለች አሉ። ኃላፊያችን ያቺን አነጋገር ይዛት መጣች። በጠዋቱ ስብሰባ ትለዋለች፣ በስልክ ትለዋለች፣ ለሹፌሯ ሳይቀር ትለዋለች። የሴቶች ቀን ሲቃረብ ጠርታኝ፣ «ዘንድሮ ቲሸርትና ሰልፍ ይቅር፤ የእኔን ጉዞ የሚያሳይ ፊልም እንሥራ» አለችኝ።

ልዋሽ አልችልም፤ መጀመሪያ እኔም ወድጄው ነበር። ዓመት ጠብቆ የሚመጣው ቲሸርት ሰልችቶኛል። «ሴቶችና ሕፃናት» ተብዬ በአንድ ትንፋሽ መጠራት ሰልችቶኛል። መድረክ ላይ ወጥቶ «ሴት እናት ናት፣ እህት ናት» ብሎ የሚጨበጨብለት ወንድ ከሁሉም በላይ ሰልችቶኛል። እሷ ግን ቀና ብላ፣ ሳትለምን፣ ሳታለቅስ ስትናገር አንገቴ አብሮ ቀና ይላል። ደክሞኝ የነበረ ሰው ነኝ፤ የማይደክማት ሴት ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ቃለ መጠይቁን የቀረጽነው ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤቷ ነው። እናቷ ከጨንቻ ወርደው አብረዋት ይኖራሉ። ባሏ ለሥራ አዲስ አበባ ነው፤ ትንሹ ልጇ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም፣ ከአያቱ ጉያ አይወጣም። ስንደርስ እናትየው ሳሎኑ ጥግ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ልጁ ባዘቶውን እየቦጨቀ አናታቸው ላይ ይበትናል። አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙም አይለይም። «ና፣ ልጄ፣ ና ግባ» አሉኝ፤ እኔም ገባሁ።

ኃላፊያችን በጨንቻ ሸማ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን ተጫምታ ወጣች። ጥጉን አየችና በጋሞኛ አንድ ነገር አለቻቸው። አሮጊቷ ሳይከፉ እንዝርታቸውን፣ ጥጣቸውንና ልጁን ሰብስበው ጓዳ ገቡ። ለድምፁ ብለን የጣሪያውን ማራገቢያ አጥፍተን ስለነበር ሙቀቱ ሊገድለን ደረሰ፤ የጓዳው በር ነፋስ እንዲያስገባ ገርበብ ብሎ ቀረ። ስህተታችን ይኸው ነው።

ካሜራው ሲበራ እንዲህ አለች፦ «ሴትነቴን እወደዋለሁ፤ ሰበብ ግን አላደርገውም። ዛሬ በሩ ክፍት ነው። የቀረን በራስ መተማመን ብቻ ነው። ልዩ ክፍል፣ ልዩ ድጋፍ፣ ልዩ ትኩረት እያልን ራሳችንን አናሳንስ። እኔን ማንም እጄን ይዞ አላመጣኝም።» ከጓዳ ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ አያቱም ቀስ ብለው ያባብሉት ገቡ። እሷ አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። እኔ ግን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ልዩ ክፍል» ስትል የእኛው ክፍል ትዝ አለኝ። መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ አንድ ክፍል አለ። ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲሆን ተብሎ ቀለም ተቀብቶ፣ ግድግዳው ላይ ዳክዬና ሙዝ ተሥሎበት፣ ሳይከፈት ተቆልፎ የኖረ። ያኔ ልጄ ገና መዳህ ጀምራ ነበር። ባሌ ገረሴ ከተማ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ እሑድ ይመለሳል። ልጄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ደግሞ ቤት ልትቀይር ነው። ክፍሉ ካልተከፈተ ሥራዬን ከመልቀቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ይህን ኃላፊያችንም ታውቃለች፤ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ከሴቶች ቀን በኋላ ይከፈታል ብላኛለች።

በማግስቱ ቢሮዋ ገባሁ።

«ክብርት፣ ያቺን ልዩ ክፍል የምትለዋን ብናወጣት ምን ይመስልዎታል?»

«ለምን?»

«የእኛ ክፍል ገና አልተከፈተም። ሰው ለእሱ የተባለ እንዳይመስለው ብዬ ነው።»

ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! እኔ ስለ መንፈስ ነው የማወራው፤ አንቺ ስለ ቤት።»

«ቤቱም ቢሆን...»

«ስሚኝ፣ እህቴ። እኔ ሦስት ልጅ ወልጄ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። ዓረፍተ ነገሩ ይቆይ። በጣም ጠንካራው እሱ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ቀርታ አታውቅም። እንዴት እንዳልቀረች ግን ጓዳው ያውቃል። ይህን በልቤ ይዤ ወጣሁና የጓዳው ድምፅ ላይ የክራር ሙዚቃ ጫንኩበት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ሴቶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ከአጠገቤ የነበረች አዲስ ተቀጣሪ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እንደ እሷ መሆን ነው የምፈልገው» አለችኝ። እኔም እኮ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ሙዚቃው የአሮጊቷን ድምፅ እንደሸፈነልኝ፣ ማንም እንዳልሰማ አረጋግጬ ነው የወጣሁት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ግቢ ስገባ የማቆያው ክፍል ተከፍቶ አየሁ። ተከፈተልን ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። የቀን ሠራተኞች አሮጌ የመኪና ጎማ እያንከባለሉ ያስገባሉ፤ ጎማው ግድግዳው ላይ እስከ ዳክዬዎቹ አንገት ተደርድሯል። የንብረት ክፍል ኃላፊውን ጠየቅሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ በጣም ተረጋግቶ ነው የመለሰልኝ።

«ክብርት ራሳቸው ልዩ ክፍል አያስፈልግም ብለው የለ እንዴ? ሁላችንም በፊልም አየን። ጎማው ደግሞ ፀሐይ ላይ እየተሰነጠቀ ነው።»

ንግግሩን ያቀናበርኩት እኔ፣ ምስሉን ያሳመርኩት እኔ። ማንን ልቆጣ?

በዚያው ሰሞን የኃላፊያችን እናት ፊልሙን ማየት ፈልገዋል ተብዬ በፍላሽ ይዤላቸው ሄድኩ። ልጃቸውን በቴሌቪዥኑ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትንሽ ቆይተው ጆሯቸውን አቀኑ፤ ሙዚቃው አላታለላቸውም።

«ይሄ እኔ ነኝ! ሰማህ? እኔም ፊልም ገባሁ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀሚሱ በቅርበት የሚታይበት ቦታ ደረሰ። ኃላፊያችን እዚያ ላይ የጨንቻውን ሸማኔ በስም ጠርታ ታመሰግናለች።

«ጥጡን እኔ ፈተልኩ» አሉ አሮጊቷ። «ሸማኔው ደግ ሰው ነው። እጁ ጎበዝ።»

«እርስዎንስ ለምን አልጠራችዎትም?»

ጥያቄው አልገባቸውም። በእነሱ አገር መፍተል የሴት ነው፣ መሸመን የወንድ፤ ሸማ የሚጠራው ደግሞ በሸማኔው ነው። እንደ ሞኝ አዩኝ።

«እኔን? እኔ እናት ነኝ። እናት ይጠራል እንዴ?» አሉና ልጁን ወደ ጭናቸው ሳቡት። ቅሬታ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ነኝ በእሳቸው ፈንታ የተናደድኩት።

ከዚያ ወንድማቸው ጨንቻ ላይ አረፈ። አሮጊቷ ለለቅሶ ወጡና እዚያው ቆዩ። ጎረቤቴም ቤት ቀየረች። እኔ ልጄን አዝዬ ቢሮ መምጣት ጀመርኩ፤ ፊልም የማቀናብርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋቢ አንጥፌ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን በካርቶን ከልዬ፣ ከጠረጴዛው ሥር አስተኛታለሁ። በኮምፒዩተሩ ሙቀት ላይ የአርባ ምንጭ ሙቀት ሲጨመር ላቧ ጋቢውን ያረጥበዋል። ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አንድ ጠዋት የኃላፊያችን ሹፌር በሩን አንኳኳ። ትንሹን ልጅ በአንድ እጁ፣ የምግብ ሳህኑን በሌላ እጁ ይዟል።

«ለዛሬ ብቻ ብለዋል» አለኝ እያፈረ። «የምትይዘው ሠራተኛ ጠፍታ ነው። አንቺ ጋር ልጅ አለ ብለው...»

ለዛሬ ብቻ የተባለው ልጅ በማግስቱም መጣ፤ ከማግስቱም በኋላ መጣ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ሆንኩ። አንዱን አበላለሁ፣ አንዷን አስተኛለሁ፣ በመሀል ንግግር እጽፋለሁ። ወገቤ ይቆረጥማል። ማታ ቤቴ ስገባ ከማንም ጋር ማውራት አልፈልግም፤ ባሌ ሲደውል እንኳ ዝም ብዬ መስማት ብቻ። ተናድጄም ነበር፤ ንዴቱ ግን ራሱ ደክሞት ጥግ ይዞ የተቀመጠ ዓይነት ነው።

ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ፊልሙ ለክልል እንዲላክ አሳጥሪው ተባልኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ሲጀምር፣ ያንን ቦታ ከፍቼ ነበር። «እኔን ማንም እጄን ይዞ አላመጣኝም» ትላለች በስክሪኑ። ትንሹ ልጅ መሬት ላይ በካሜራ ክዳኖች ይጫወት ነበር፤ ድንገት ቀና አለ። እናቱን አላያትም። ወደ ድምፅ ማጉያው ሄዶ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ በገመዶቹ መሀል መፈለግ ጀመረ። አያቱን በጋሞኛ ይጠራል። ሲያጣቸው ተመልሶ በእጁ ማጉያውን መታው።

ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላወቅሁም።

«ያ ምንድን ነው የሚሰማው?» አለችኝ።

«እናትዎ ናቸው። ያኔ ከጓዳ ሆነው ልጁን ሲያባብሉ አብሮ የተቀዳ ነው። አልወጣ ብሎኝ ሙዚቃ ጫንኩበት።»

«ሙዚቃውን አንሺለት።»

አነሳሁት። አሮጊቷ ጥርት ብለው ተሰሙ፤ የእሷን ድምፅ ሁሉ ይዘውት ይሄዳሉ። ልጁ ማጉያው ሥር ቁጭ አለና ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ።

«እንዲህ እንላከው?» አልኳት።

«ለልጁ ነው ያልኩሽ።»

እንግዲህ መድፈሬ ካልቀረ ብዬ ቀጠልኩ። «ክፍሉስ፣ ክብርት? ጎማዎቹ ቢወጡ እኮ...»

ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ድካም ነበር፤ የእኔው ዓይነት። «አሁን ክፈቱ ብል ምን ይሉኛል? ሁሉም ሰምቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«እንግዲያው እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ ነኝ» አልኩ። ለራሴም እስከዚያች ደቂቃ አልነገርኩትም ነበር። ልጄን ከጋቢው ላይ አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኳት።

«ታዲያ የእኔን ልጅ ማን ሊይዘው ነው?» አለች።

ወዲያው ዝም አለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው እሷ ግን አላቋረጠችም ነበር፤ ስለ በራስ መተማመን ትናገራለች። እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። የአሮጊቷም ድምፅ አብሮ ቆመ፤ ልጁ አለቀሰ።

ሹፌሩ የት እንደሄደ አላውቅም። ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጎንበስ ብላ ልጁን ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ነጠላውን ደረቷ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጎማው ክፍል አጠገብ አድርጋ ወደ ግቢው የኋላ በር ሄደች። ስትሄድ ከወገቧ እየተወዛወዘች ታባብለዋለች፤ ልክ እንደ እናቷ አድርጋ፣ በዚያው በጋሞኛ። ካሜራው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አላነሳሁትም።