የእናቴ አውራ ጣት

የእህቴ የድምፅ መልእክት የደረሰኝ ዙሁር ሰግጄ ገና ከመስገጃው ሳልነሳ ነው። «ውሃ ነው አሉ፤ ሌላ ምንም የለበትም» ትላለች። እናታችንን ከጀውሃ ወደ ሮቢት ከተማ ወስዳ አልትራሳውንድ ያስነሳቻት እሷ ናት። ከአውራ ጣቷ ሥር፣ አንጓዋ ላይ ያበጠው ነገር ከመገጣጠሚያው የወጣ የውሃ ከረጢት ነበር። ስክሪኑ ላይ ጥቁር፣ ክብ፣ ጠርዙ የጠራ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት መጀመሪያ ሲያብጥባት፣ እህቴ ያኔውኑ ልታስመረምራት ተነስታ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ እብጠት ብረት ከነካው ይሰራጫል ይባላል። እኔም እዚህ አረብ አገር ሆኜ፣ «ማሽን ካየው ቢላ ይከተላል፤ ወጌሻው ይሻላታል» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ባሕር ተሻግረሽ ሐኪም ሆንሽ?» አለችኝ እህቴ።

እናቴ ግን «ልጄ ካለችማ» ብላ ቀረች። ጠንቃቃ ስለምባል ቃሌ ይሰማል።

ወጌሻው ሲመጣ እህቴ በያዘችልኝ ስልክ ላይ ነበርኩ። ጎረቤቶች ክንዷን ያዙላት።

«ቢስሚላህ ይበሉ፣ እትዬ።»

«አንተም በል! እጄ እንጂ ቀንበር አይደለም የያዝከው» ብላ አሳቀቻቸው።

መጫን ሲጀምር ድምፅዋ ተለወጠ። ስልኩን ዘጋሁት። ኋላ «ኔትወርክ ተቋረጠ» አልኳቸው። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

እብጠቱ ሟሸሸ። ወጌሻው በሸንበቆ ጠፍሮ አሰረላት፤ ሲፈታ አውራ ጣቷ አልታጠፍ አለ። ቆይቶ እብጠቱም ተመለሰ። አሁን ሐኪሙ በዚያው አልትራሳውንድ ከከረጢቱ ጎን ጅማቷ ጠባሳ ይዞ መጣበቁን አይቷል። «ከረጢቱስ ባይነካም አይጎዳቸውም ነበር» ብሎ ነገራት ለእህቴ።

እናቴ የአላህን ውዳሴ፣ ተስቢህ፣ የምትቆጥረው በአውራ ጣቷ የቀኝ ጣቶቿን አንጓ እየነካካች ነበር። ልጅ ሆኜ ከንፈሯን ሳይሆን ያንን ጣት አይቼ ነው ዚክር ላይ መሆኗን የማውቀው። ዛሬ መቁጠሪያ ተገዝቶላታል፤ እሱም ከእጇ ያመልጣል አሉ። ስደውልላት «ደህና ነኝ፣ ዱዓ አድርጊልኝ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አትልም።

ያን ቀን ክንዷን የያዛችሁላት ጎረቤቶቻችን፣ አንቺም እህቴ፣ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝና አውፍ በሉኝ። ከዘጋሁት በኋላ ምን እንዳለች ንገሩኝ። ስሜን ጠርታ ከሆነም አትደብቁኝ።