ይበልጣል፣ ባቡሯና የእኔ ቅናት

ጠዋት የይበልጣል ልጅ ደውላ ማረፉን ስትነግረኝ «የትኛው ይበልጣል?» አልኳት። ሌላ ይበልጣል የማውቅ ይመስል።

እስካሁን አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ሲያሾፍብኝ ነበር።

ለማታውቁት፣ ይበልጣል የሞጣ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ ቢቸና አብረን አስተምረናል፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ሥዕልና የእጅ ሥራ። ስሙ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ክረምት ድሬዳዋ ያለ ወንድሙን ጠይቆ ሲመለስ በቁልፍ የምትጠመዘዝ መጫወቻ ባቡር ይዞ መጣ። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን መስመር እንሥራላት አለኝ። ሐዲዱ የእኔ ሆነ፣ አገሩ የእሱ። እኔ ቆርቆሮ እየቆረጥኩ ሳጥፍ፣ እሱ በጭቃ ተራራ፣ በመስታወት ስባሪ ወንዝ፣ አረንጓዴ ቀለም በነከረው ሰጋቱራ ሜዳ ይሠራል።

ባቡሯ ግን መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ትገለበጣለች። በኮምፓስ የሠራሁት ነው፣ ጥፋቱ አልታይህ አለኝ። ይበልጣል ጎንበስ ብሎ አየና «ትንሽ አስፋላት ወንድምዬ፣ ተጨንቃለች» አለ።

አሰፋሁት። ተራራውን ዞራ ወጣች። ያን ቀን ራት አልበላሁም።

ቢቸና ያየው ሁሉ ስለ ተራራው አወራ። ስለ ሐዲዱ ማንም ምንም አላለ። ከዚያ ሞጣም አምጡልን ተባልንና በጭነት መኪና ወሰድነው።

እዚያ አንዲት እናት ከሰዉ መሀል ወጡ። ልጃቸው ወደ ምሥራቅ ሲዘምት በባቡር እንደሄደ ሰምተዋል፤ ባቡር ግን አይተው አያውቁም። ይበልጣል ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው። ባለሥልጣናቱ ቆመው እየጠበቁ፣ እሳቸው በቃኝ እስኪሉ ደጋግሞ አጠመዘዘላቸው። ባቡሯ ከተራራው ኋላ ስትሰወር ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ብቅ ስትል ይለቃሉ።

«ዞሮ ይመጣል ማለት ነዋ» አሉ በመጨረሻ።

ተነሥተው ሁለት እጁን ያዙና ምርቃቱን አወረዱለት። እንደዚያ ያለ ረጅም ምርቃት ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ይበልጣልም «እማማ፣ እሱንም ይመርቁልኝ፤ መንገዱን የሠራው እሱ ነው» አላቸው።

ወደ እኔ ዞር አሉ። «አንተንም» ብለውኝ ሄዱ።

በዚያች ምርቃት እስከ ዛሬ እቀናለሁ። እንዳልጠላው ደግሞ ራሱ ነው ያስመረቀኝ።

ልጃቸው አልተመለሰም። ይበልጣል ሞጣ በሄደ ቁጥር ቤታቸው እየገባ ይጠይቃቸው ነበር፣ እስኪያርፉ ድረስ። አንድም ቀን አልነገረኝም፤ ከሰው ነው የሰማሁት። በዚህም ቀናሁ።

ይበልጣል፣ ነገ ሞጣ ትቀበራለህ። ጉልበቴ ከቢቸና አላንቀሳቅስ ብሎኛል። ደህና ሁን ወንድሜ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ዕድሜዬን ሙሉ ባንተ ስቀና ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ አንተን በሚሸከሙት ቀናሁ።