የኤልመር ወንበር

ብረት ፋብሪካው ተዘግቶ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ያለችው ከተማቸው ስትራቆት፣ «ቁማር ቤት ይከፈት፤ ግብሩ ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ይውላል» ሲባል ቨርናም ከዓመታት በፊት የድጋፍ ድምጿን ሰጥታ ነበር። አሁን የዚያው ቁማር ቤት ወለል ጠራጊ ናት። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል፤ መንግሥት ግን ገቢው አልበቃኝም ብሎ ሁለተኛ አዳራሽ አስከፈተ። ይብላኝ ለልጆቹ!

እዚያ ቤት አንድ ሕግ ብቻ ይከበራል። ወንበሩን አዘንብሎ የቁማር ማሽኑ ላይ አስደግፎ የሄደ ሰው፣ እስኪመለስ ድረስ ቦታውን ማንም አይነካበትም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የሟች ባሏ የፋብሪካ ጓደኛ፣ ሽማግሌው ኤልመር፣ ከሚጫወትበት ማሽን ሥር በግንባሩ ተደፋ። ማሽኑ ውስጥ የተሰካው የመጫወቻ ካርዱ በገመድ አንገቱን ከማሽኑ ጋር አያይዞት ስለነበር፣ የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ገመዱን በመቀስ ቆርጠው፣ በጀርባው አስተኝተው ደረቱን መጫን ጀመሩ። ግራና ቀኝ የተቀመጡት እግራቸውን ሰበሰቡ እንጂ ጣታቸውን ከቁልፉ አላነሱም። ቨርና ከሥሩ የፈሰሰውን ሽንት መወልወል ጀመረች።

ፊቱን ሸፍነው ሲወስዱት፣ ከኋላ ቆማ ስትጠብቅ የነበረች ሴት ቦርሳዋን ይዛ ወደ ወንበሩ ተንደረደረች።

«ኧረ በፈጠረሽ! ሬሳው እኮ ገና ከበሩ አልወጣም!» አለቻት ቨርና።

«ታዲያ አብሬው ልሙትልሽ? ገንዘብ ሲያበላው ያረፈደው ማሽን ነው፤ አሁን ሊተፋው ነው። ይልቅ ቶሎ ጥረጊው፣ እናቴ።»

ቨርና መወልወያዋን ወርውራ ወንበሩን አዘንብላ ማሽኑ ላይ አስደገፈችው።

ሴትዮዋ እሳት እንደነካው ሰው ወደኋላ አለች።

«አይ፣ ከተያዘማ ነውር ነው» ብላ ሌላ ማሽን ፍለጋ ሄደች።